«አትሂጂ ብያት ነበር»

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ጸሐፊዋ እንዲታተም ፈቅዳለች። የዩኒቨርሲቲውን፣ የከተማውንና የትምህርት ክፍሉን ስም አውጥቼዋለሁ፤ ርዝመቱንም ቀንሻለሁ።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ስለ ራሴ ሳይሆን አብራኝ ዶርም ስለምትኖር ልጅ ነው። ሁለታችንም ዘንድሮ የገባን ተማሪዎች ነን። መጀመሪያ ቀን ከመናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸክሞ ያመጣት፣ ምዝገባም አብሯት የተሰለፈ አንድ የአገሯ ልጅ አለ፤ ተመራቂ ነው። እናቷ በስልክ «ልጄን አደራ» ያሉት እሱን ነው።

ትናንት ዓርብ ማታ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እሰጥሻለሁ ብሎ ከግቢ ውጭ ወደ ተከራየው ቤት ጠራት። እኔ መሽቷል፣ አትሂጂ ብያት ነበር። «እሱ እኮ ወንድሜ ማለት ነው» ብላኝ ሄደች። ሌሊቱን አልመጣችም። ንጋት ላይ የዶርሙ በር ሲከፈት ገባች፤ ማንንም ሳታናግር ባልዲዋን ይዛ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። ተከትያት ስሄድ በዚያ ብርድ ቀሚሷን ደጋግማ ሳሙና እየቀባች ስትፈትግ አገኘኋት። ያኔ ነገረችኝ። አስገድዶ ደፍሯታል። ለማንም ብትናገሪ እሞታለሁ ብላ አስማለችኝ።

እሱ በቴሌግራም «ይቅር በይኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» እያለ ይልክላታል። ዛሬ ከሰዓት ጓደኞቹ መጥተው «የአገር ልጅ ገመና አደባባይ አይወጣም፣ ሊመረቅ ጥቂት ወር ነው የቀረው፣ በሽማግሌ ይቅርታ ይጠይቃል» አሉን። የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ደግሞ «መጀመሪያ ማን ውጭ እደሪ አላት?» አለችኝ። በድብቅ ለፖሊስ ልናገር? ለእናቷ ልደውል? አከራዮቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ለምን አልጮኸችም? እየተናደድኩባት ነው፤ በመናደዴ ደግሞ አፍራለሁ።»

ልጄ፤

እሑድ ጠዋት በአጭሩ የላክሁልሽን መልስ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚህ የምደግመው ነገ ሌላ ዶርም ውስጥ፣ ሌላ ባልዲ አጠገብ ቆማ ምን ላድርግ ለምትል ልጅ ብዬ ነው።

ያን ጠዋት ስለ ፖሊስ አታንሺባት ነበር ያልኩሽ። ስለ ዲኑ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ እሱም አታንሺ። «ሐኪም ቤት እንሂድ፤ መድኃኒት አለ፤ ሰዓት አለው» ብቻ በያት። ኤች አይ ቪ እንዳይይዝ የሚከላከለው መድኃኒት ድርጊቱ ከተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ከዓርብ ሌሊት ሲቆጠር እሑድ ጠዋት ላይ ግማሹ ጊዜ አልቆ ነበር። እርግዝና የሚከላከለው ክኒን እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም ቀን ባለፈ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ለአባላዘር በሽታዎች የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ለጉበት በሽታ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ቁስል ካለ ቁስሉ ይታያል። ገላዋን መታጠቧ፣ ቀሚሷን ማጠቧ ከዚህ አንዱንም አይከለክልም። «አንዴ ታጥቤያለሁ፣ ምን ዋጋ አለው» ብለው ቤት የሚቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ አትቅሩ።

ሌላም የሚያስቀር ነገር አለ። ከፖሊስ ደብዳቤ ካልያዝሽ አትታከሚም ተብሎ የሚወራው ነው። ደብዳቤው የሚፈለገው ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ሲጻፍ ነው እንጂ ክኒን ለመዋጥ አይደለም። በር ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ አምጪ ቢል ሐኪሙን ራሱን ካላነጋገራችሁ አትመለሱ። ለሐኪሙም የደረሰባትን ስትነግረው ያየውን ሁሉ በካርዷ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። ዛሬ ለመክሰስ ባታስብ እንኳን የዛሬ ስድስት ወር ብታስብ ያ ጽሑፍ ይጠብቃታል።

እሑድ ከሰዓት «ሄደናል» የሚል አንድ ቃል ላክሽልኝ። ያን ቃል ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ገና ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ወራት ያልሞላሽ ልጅ፣ በማታውቂው ከተማ፣ በባጃጅ ይዘሻት ሄደሻል። ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ አንቺ ሠራሽው።

አሁን ቀስ ብለን እናውራ።

ከሁሉ በፊት ስለ ንዴትሽ። ንዴትሽ አያሳፍርም። «አትሂጂ ብያት ነበር» የሚለው ሐሳብ ሌሊት ሌሊት የሚመላለስብሽ ስለምትወጃት ነው፤ ብትሰማኝ ኖሮ እያልሽ ነገሩን ወደ ኋላ ለመመለስ እየታገልሽ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ግን ለእሷ አትንገሪያት። ዛሬም፣ ነገም፣ የዛሬ ዓመትም። እሷ ለራሷ በቀን መቶ ጊዜ ትለዋለች። ካንቺ አፍ አንዴ ከሰማችው እውነት መስሎ ይቀመጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያለፈ ዓመት ፈተና ለመቀበል እናቷ አደራ ወዳሉት ልጅ መሄድ ጥፋት አይደለም። ግቢ ውስጥ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አንቺም የሚያግዝሽ የአገርሽ ልጅ ቢኖር ትሄጂ ነበር። ሰዓቱ ምሽት መሆኑ ያንን ሰው ደፋሪ አላደረገውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዶርም ውስጥ የእጅ ስልክ በማይታይበት ዘመን ነው። ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ የአንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት ውጭ አደረች። ጠዋት ስትገባ ከመካከላችን አንዷ «የት ነበር ሌሊቱ?» አለቻት፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሳይጠፋ አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ፈተና ሳይደርስ ዕቃዋን ጠቅልላ ሄደች። የቤተሰብ ናፍቆት ነው ተባለ፤ አልጋው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጠዋት ከስድስታችን አንዳችን ሳቁን ትተን «ሻይ ላምጣልሽ?» ብንላት ኖሮ ምናልባት ትናገር ነበር። ይህን ዓምድ ስጽፍ ብዙ ጊዜ የምታስበኝ እሷ ናት። አንቺ ባልዲው አጠገብ ስትደርሺ አልሳቅሽም፣ አልጠየቅሽም፤ አብረሽ ቆምሽ። እሷ የነገረችሽ ለዚያ ነው።

ለምን አልጮኸችም ብለሻል። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ይደርቃል። ድምፅ ይጠፋል፤ እጅና እግር አልታዘዝ ይላል። ጅብ ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ሮጦ ማምለጥ ሲገባው እዚያው ተገትሮ እንደሚቀረው ማለት ነው፤ ማንም እሱን «ፈልጎ ነው የቆመው» አይለውም። አንዳንዷ ደግሞ ጮኻ የሚደርስላትን ሰው ከሚያደርስባት እኩል ትፈራለች፤ አከራይ ሲወጣ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ «ምን ልታደርግ መጣች» ሲባል ይታያታል። ሕጉም ጩኸትን መለኪያ አላደረገም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የሚጠይቀው ሰውየው ኃይል ተጠቅሟል ወይ፣ በከባድ ዛቻ አስፈራርቷል ወይ፣ ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጓታል ወይ ብሎ ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ እሱ ስላደረገው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። በድብቅ ለፖሊስ ልናገር ወይ?

አትናገሪ። ይህን የምለው ሳልጨነቅ አይደለም፤ ያ ልጅ ነገም ሌላዋን ሻንጣ ይሸከማል የሚለው ሐሳብ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ነገር ግን ዓርብ ሌሊት የእሷ «አይሆንም» ዋጋ አልተሰጠውም። በገዛ አካሏ ላይ ሌላ ሰው ወሰነ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው፣ እሷን ሳይጠይቅ፣ ለጥቅሟ ብሎም ቢሆን ቢወስንባት ያው ነገር ይደገምባታል። ፖሊስ ሲመጣ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የምትናገረው እሷ ናት፤ ዝም ካለች ጉዳዩ እዚያው ይወድቃል፤ አንቺን ደግሞ ታጣሻለች። ያስማለችሽን መሐላ የምታፈርሺበት አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፤ ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ። «እሞታለሁ» ያለችውን እንደ አነጋገር ዘይቤ አልፈሽ አትሂጂ። ቁጭ ብለሽ በቀጥታ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልላታል። አዎ ካለች፣ ወይም ክኒን ማጠራቀም፣ ዕቃዋን ለሰው ማደል ከጀመረች ብቻዋን አትተያት፤ ለሐኪሙ ወይም ለግቢው የሥነ ልቦና አማካሪ ያንኑ ዕለት ተናገሪ። ያኔ ብትቆጣሽም ትቆጣ። እሱ ሊጎዳት ከዛተ ወይም በር ላይ ከተገኘም እንደዚያው ነው፤ 991 ደውሉ።

ከዚህ ውጭ ያለው ሥራሽ በሮቹን ክፍት ማቆየት ነው። የሕክምናው በር በሰዓት የሚዘጋ ስለነበር በእሱ ቸኮልን። የክሱ በር በሰዓት አይዘጋም፤ ሕጉ እዚህ ላይ የሚቆጥረው በዓመታት ነው። ስለዚህ «አሁን ካልከሰስሽ አለቀ» አትበያት፤ ማንም እንዲላት አትፍቀጂ። በየቀኑ የሚጠፋ ነገር ግን አለ። እሱን አንቺ ልታቆዪላት ትችያለሽ።

የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፉ። «ይቅር በይኝ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይችላል፤ ብልህ ጓደኛ አንድ ምሽት ቢመክረው በማግስቱ ምንም የለም። እሷ ከፈቀደች አሁኑኑ የስክሪኑን ምስል አንሺ፤ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። በሌላ ስልክም ፎቶ አንሺው። እንዳታግደው ወይም እንድታግደው እኔ አልወስንም፤ ምስሉ ከተያዘ በኋላ የእሷ ምርጫ ነው። ልብሱን በፌስታል አትቋጥሩት፤ እርጥበት ይይዝና ይበላሻል። ይድረቅና በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ ይቀመጥ፤ የታጠበውም ቢሆን፣ በተለይ ያልታጠበ የውስጥ ልብስ ካለ። ደግሞ አንቺ ራስሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ስንት ሰዓት እንደወጣች፣ ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ምን ለብሳ እንደነበር፣ ማጠቢያው ጋር ምን እንዳለችሽ በራሷ ቃል፣ ጓደኞቹ መቼ መጥተው ምን እንዳሉ። ቀን አድርጊበትና ፈርሚበት። ያላየሽውን አትጨምሪ። ድርጊቱን ያየ ሰው የለም ማለት ምስክር የለም ማለት አይደለም፤ ንጋት ላይ እንዴት ሆና እንደገባች ያየሽው አንቺ ነሽ።

ስለ መጡት ልጆች ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

«የአገር ልጅ ገመና።» ገመና የሚባለው የእሷ ነው፤ የእሱ ወንጀል ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብሎ ያደገ ልጅ እናት በስልክ የሰጡትን አደራ ሲበላ ያዋረደው የራሱን አገር ስም ነው፤ አሁን ስም የምታጠፋው እሷ ተደርጋ ልትታይ ነው። ሽማግሌ እንላክ ይላሉ። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ ድንበር የተጋፉ ሰዎች፣ ገንዘብ የተካካዱ ወንድማማቾች ይታረቁበታል። አስገድዶ መድፈር ግን በዕርቅ የሚያልቅ የሁለት ሰዎች ጠብ አይደለም። ሕጉ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ብሎታል። ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ከሆነች ወይም ብዙ ሆነው ከፈጸሙት እስከ 20 ዓመት ይደርሳል፤ ከአዲስ ገቢዎች መካከል 18 ያልሞላቸው አሉና ይህን ልብ በሉ። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ «ይቅር ብላዋለች» መባሉ በሕግ ፊት መዝገቡን አይዘጋም። በተግባር ግን ተበዳይዋ ቃሏን መስጠት ስትተው ማስረጃው ይሳሳና መዝገቡ ይወድቃል። ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ ነው። እግሯ ላይ ወድቀው የሚለምኗት ይቅርታ ፈልገው ሳይሆን ዝምታዋን ፈልገው ነው።

እናቶቻችን ከዚህ የባሰውን አይተዋል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ወይም የደፈረ ሰው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት የሚድንበት ቀዳዳ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። «ሽማግሌ ይላክ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው፤ ሕጉ ጥሎት ሄዷል፣ እኛ ገና አልተውነውም።

እነዚያ ልጆች ድጋሚ ሲመጡ አትከራከሪያቸው። «እሷ ማንንም ማናገር አትፈልግም» ብለሽ በሩን ዝጊ። ከዚያ መምጣታቸውንም ደብተርሽ ላይ ጻፊው።

ለመናገር ስትወስን፣ ከወሰነች፣ የት ትሂድ? በትልልቅ ከተሞች አንዳንድ ሆስፒታሎች ውስጥ ሐኪም፣ አማካሪ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ አዲስ አበባ ያለው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ከቀደሙት አንዱ ነው። ጥቅሙ አንድን ታሪክ በአራት ቢሮ አራት ጊዜ ከመናገር ማዳኑ ነው። እናንተ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን በቀጠሮዋ ቀን ነርሷን ጠይቁ። ከሌለ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ጠይቁ፤ ሴት መርማሪ እንድታነጋግራት መጠየቅ ነውር አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለዓመታት በነፃ ጥብቅና የቆመ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በአደባባይ እንዳይሰማ መጠየቅ ይቻላል ብለሽ ልታረጋጊያት ትችያለሽ፤ ሕገ መንግሥቱ የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ጉዳይ በዝግ ችሎት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ደግሞ ለዚያ የሚመች ነው።

ፖሊስ ዘንድ ሳትሄድም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትጠይቀው ነገር አለ። የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቱ ዶርም እንዲቀየርላት፣ እሱ እንዳይቀርባት፣ ያለፋት ፈተና በሌላ ቀን እንዲሰጣት ማድረግ ይችላል። የሐኪሙ ወረቀት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለመምህሩ የሕመሟን ዓይነት መንገር አያስፈልግም። ትምህርቱ አልሆን ካላት ኮተቷን ጠቅልላ ከመጥፋቷ በፊት በሕጋዊ መንገድ አቋርጣ የምትመለስበትን ቅጽ ትሙላ፤ ያ ወረቀት መቀመጫዋን ያቆይላታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፍርድ ቤት አይደለም። «ውስጥ ለውስጥ ጨርሰነዋል፣ አንድ ዓመት ታግዷል» ቢባል እንኳን የመክሰስ መብቷ እንዳለ ነው።

እርግዝናው ቢያሳስባት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመርመር። ክኒኑ ሳይሠራ ቀርቶ ብትፀንስ በአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝና በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የእሷ ቃል በቂ ነው፤ የፖሊስ መዝገብ ወይም ፍርድ አይጠየቅም። ምን ታድርግ የሚለው የእሷ፣ የኅሊናዋና የእምነቷ ጉዳይ ነው። ሕጉን ሳታውቅ በየጓዳው መድኃኒት እንዳትጠጣ ግን ንገሪያት።

ስለ ፕሮክተሯ። «ማን ውጭ እደሪ አላት» ያለችሽ ሴት ክፉ ላትሆን ትችላለች፤ ያመሸ ተማሪ ስም እየመዘገበች የምትኖር ሰው ናት፣ የተማረችው ያንን ነው። ግን እስኪ አስቢው። ያቺ ልጅ ሌሊቱን በስድስት ሰዓት፣ በሰባት ሰዓት ከዚያ ቤት ማምለጥ ብትችል ኖሮ ወዴት ትሄድ ነበር? የዶርሙ በር ተቆልፏል። ብታንኳኳ ስሟ ይመዘገባል፣ የት እንደነበረች ትጠየቃለች። ሴቶችን ለመጠበቅ የተዘጋው በር ያን ሌሊት ለእሷ ከውጭ የተዘጋ ነበር። ይህን የሚያነብ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። በሌሊት ያንኳኳች ተማሪ በመጀመሪያ የምትሰማው ቃል «ደህና ነሽ?» እንዲሆን ለፕሮክተሮችና ለጥበቃዎች አስተምሩ። በጀት አይጠይቅም። ከላይብረሪ እስከ ዶርም ያለው መንገድ መብራት ግን በጀት ይጠይቃል፤ እሱንም መድቡ። አዲስ ገቢዎችን ከመናኸሪያ የሚቀበሉ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲው ራሱ መርጦ፣ መዝግቦ፣ ባጅ ሰጥቶ ይላክ፤ ዛሬ ያ ሥራ ሻንጣ ቀድሞ ላነሳ ሰው ሁሉ የተተወ ነው።

ወንዶቹም ታነባላችሁ። ከእናንተ መካከል ያን ልጅ በደንብ የሚያውቁት አሉ። አዲስ ገቢ ሲመጣ «ዘንድሮ ማንን ያዝክ?» ተባብላችሁ ስትሳሳቁ አብሮ የሚስቅ ነበር። በሽምግልና ስም ወደ ሴቶች ዶርም የተላካችሁት እናንተ ወደ እሱ ብትሄዱና «ያደረግኸው ወንጀል ነው፣ አንቆምልህም» ብትሉት ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

በዚሁ አጋጣሚ፤ መምህራን ውጤት አስታክከው ስለሚጠይቁት ነገር በዚህ ወር ብቻ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ለብቻው እጽፍበታለሁ፤ እስከዚያ ግን አንድ ነገር እወቁ። አንድ መምህር ሥልጣኑን ተጠቅሞ ከተማሪው ጋር ግብረ ሥጋ ቢፈጽም ወይም ሌላ የነውር ድርጊት ቢያስፈጽማት በአንቀጽ 625 ይጠየቃል፤ ሕጉ መምህርን በስም ጠርቶታል። ይህኛው ወንጀል ግን የሚያስከስሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው፤ የአቤቱታው ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነው። ውጤቴን ይሰጠኝና ከተመረቅሁ በኋላ እከሰዋለሁ ያላችሁኝ ልጆች፣ ጊዜው ያልፍባችኋል።

ልጄ፤ ስለ እናቷ መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ። አትደውይላቸው። እናት መስማት ያለባት ከልጇ አፍ ነው፤ መቼ እንደምትነግራቸው እሷ ታውቃለች። ልትነግራቸው ስትፈልግ ስልኩን ይዘሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ድምፅዋ ሲቆራረጥ «እኔ አለሁ፣ እማማ» ለማለት። ለአንቺም የሚያዳምጥሽ ሰው ያስፈልግሻል። ስም ሳትጠሪ ለግቢው አማካሪ ወይም ለምታምኛት ታላቅ እህት የራስሽን ድካም ንገሪ፤ ይህ መሐላ ማፍረስ አይደለም።

ሐኪሙ የሰጣት የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን 28 ቀን የሚዋጥ ነው፤ አንድም ቀን መዝለል የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያቅለሸልሻታል፤ ብዙ ልጆች የሚያቋርጡት ያኔ ነው። ባዶ ሆድ ሲዋጥ ይብሳል። ካፌ የምትሄድበት ጉልበት ላይኖራት ይችላልና የቁርስሽን ዳቦ ግማሽ በናፕኪን ጠቅልለሽ አምጪላት፤ ማታ በሦስት ሰዓት፣ ከክኒኑ በፊት ትብላው። የስልክሽን ደወልም ለዚያ ሰዓት ሙይው።